ከቆቦ ሜዳ ሲታይ፦ የመንገደኞች አቪዬሽን ታሪክ በኢትዮጵያ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል





የኢትዮጵያ የመንገደኞች አቪዬሽን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከዋና ከተማው ሆኖ ነው። አየር መንገዱ መቼ ተቋቋመ፣ የትኛውን አውሮፕላን ከአፍሪካ ቀድሞ ገዛ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ማን ነበር፣ ስንት መዳረሻ ደረሰ፤ ታሪኩ በእነዚህ ጥያቄዎች ዙሪያ ይሽከረከራል። መልሶቹ ትክክል ናቸው፤ ብዙዎቹም ያኮራሉ። ይሁንና ሁሉም በማኮብኮቢያው ጫፍ ቆሞ ሽቅብ የሚመለከት ሰው ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ ማታ ቦታ ቀይረን፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ከማያርፍበት ሜዳ ላይ ቆመን ይህንኑ ታሪክ እንድንመረምረው እጋብዛችኋለሁ። የመረጥሁት ሜዳ የራያ ቆቦ ቆላ ነው።

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ በሚወጣው ተዳፋት መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ከብትና ግመል የሚነዳበት፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሐል ለመሐል የሚያልፍበት አገር ነው። መደበኛ በረራ የሚያስተናግዱ ሦስት የአውሮፕላን ማረፊያዎች ይህን ሜዳ በሦስት ወገን ይከብቡታል፤ በምዕራብ ላሊበላ፣ በደቡብ ኮምቦልቻ፣ በሰሜን መቀሌ። በመኪና መንገድ ሲለካ ቆቦ ከእያንዳንዳቸው በግምት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ተራራ የበዛበት አገር ማረፊያ ሲኖረው፣ ለጥ ያለው ሜዳ የለውም። ይህ እንዴት ሆነ?

የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አውሮፕላን በአገራችን መጀመሪያ የመንገድ ምትክ ነበር፤ በኋላ የመንገድ ጥገኛ ሆነ። ቆቦ በመጀመሪያው ዘመን መንገድ ስለ ነበራት ታለፈች፤ በሁለተኛው ዘመን ደግሞ ትልቅ ከተማም የቱሪስት መዳረሻም ስላልነበረች ታለፈች። ሕዝቧ ግን ከአቪዬሽን ታሪክ ውጭ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ የአየር ትራንስፖርትን ታሪክ ከማረፊያው ብቻ ሳይሆን ከመንገደኛው ደጃፍ ጀምረን መጻፍ ይኖርብናል።

ከመንገደኛው በፊት የመጣው አውሮፕላን

በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሣይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነበር። በወሎና በራያ ግን አውሮፕላን በብዛት የታየው በጦርነት መልክ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ከ11 ቀናት በኋላ፣ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲሲ-3 የተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ አንዱ የሰማይ ቴክኖሎጂ በአንድ ወር ውስጥ በሁለት የተለያዩ ፊቶች ታይቷልና። በመጋቢት መጨረሻ፣ ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ ያፈገፍግ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ከአየር ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ከሰባት ዓመታት በኋላ፣ በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ወያኔ ተብሎ የሚታወቀውን ዐመፅ ለማዳፈን ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ ብሌንሃይም አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ።

ይህን የማነሣው የጦርነት ታሪክ ለመተረክ አይደለም። አየር መንገዱ ሥራ ሲጀምር በዚህ አካባቢ የነበረው ሕዝብ ስለ አውሮፕላን ባዶ አእምሮ እንዳልነበረው ለማስታወስ ነው። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወደ ዋሻና ወደ ጥሻ የሮጠ ትውልድ በሕይወት ነበር። አውሮፕላን ትኬት ተቆርጦለት፣ ወንበር ተይዞለት የሚሄዱበት ነገር ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ ትውስታ ላይ ነው የተደረበው።

ዲሲ-3፣ የመንገድ ምትክ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትራንስኮንቲኔንታል ኤንድ ዌስተርን ኤር ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47፣ ማለትም የዲሲ-3 የጭነት ዝርያዎች ነበሩ። መንገደኛው ግድግዳውን ተደግፎ በተዘረጋ ረጅም አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሐሉን ይይዛል። በአንድ በረራ ሰው፣ ፖስታና ሸቀጥ አብረው ይጓዙ ነበር።

ይህ አውሮፕላን ከአገሩ መልክዓ ምድር ጋር የተስማማው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለት ባለ 1,200 የፈረስ ጉልበት ሞተሮች፣ ሰፊ ክንፍ፣ ትልልቅ ጎማዎችና ከጅራቱ ሥር ትንሽ ጎማ ነበሩት። ሰፊው ክንፍ በዝቅተኛ ፍጥነት እንዲነሣና እንዲያርፍ ያስችለዋል፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ሣርና ጠጠር ይችላሉ። አስፋልት አይጠይቅም። ድንጋዩ የተለቀመለት፣ ጉቶው የተነቀለለት፣ ከብት እንዳይገባበት የሚጠበቅ ሜዳ ይበቃዋል። አብራሪው በቀን ብርሃን፣ ወንዝና ተራራ እየለየ ይሄዳል። በዚህ መንገድ አየር መንገዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መኪና ወደማይደርስባቸው ብዙ አውራጃዎች ደረሰ። ከዛሬው አማራ ክልል ብንጠቅስ ጎንደርና ባሕር ዳር ብቻ ሳይሆኑ ደብረ ታቦር፣ ሞጣና ደብረ ማርቆስም የማረፊያ ሜዳ ነበራቸው። ለአውሮፕላን ጉዞ ለዘመናት ብቁ የሆነ ኢትዮጵያዊ ባለሙያም በዚሁ አውሮፕላን ላይ ሠለጠነ፤ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 ዲሲ-3ን በአዛዥነት ያበረሩ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ።

እንግዲህ ቆቦ ለምን ከዚህ ዝርዝር ቀረች? ሜዳ አጥታ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። መልሱ ያለው በጎዳናው ላይ ይመስለኛል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአሥመራ በመቀሌ፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልዲያ አድርጎ ደሴንና አዲስ አበባን ያገናኘው የመኪና መንገድ ከነፃነት በኋላ ቀረ። ከአላማጣ በላይ ወደ ኮረም በሚወጣው የግራካሱ ዳገት ጠመዝማዛው ያስፈራል፤ ቢሆንም መንገዱ መንገድ ነው፣ አውቶቡስና የጭነት መኪና ይሄድበታል። ዲሲ-3 ዋጋ የሚኖረው መኪና ሊያደርገው የማይችለውን ሲያደርግ ነው። በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀውን ጉዞ በአንድ ሰዓት ሲያሳጥር ትኬቱ ውድ አይባልም። በቆቦ ግን ነጋዴው በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጦ ደሴ ይገባል።

የላሊበላ ነገር ሌላ ነው። ከዋናው ጎዳና በተራራ የተለየ፣ ለመኪና አስቸጋሪ፣ ግን የዓለም ሰው ሊያየው የሚመኘው ስፍራ ነበር። አየር መንገዱ አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ባሕር ዳርንና ላሊበላን ያያያዘውን የታሪክ ጉብኝት መሥመር ሲዘረጋ የላሊበላ ሜዳ ዋጋ ያወጣ ጀመር። ማረፊያው የአፈር ስለ ነበረ በክረምት ይጨቀያል፤ በረራው የበጋ ወራት እንግዳ ሆኖ ቆየ። ያም ሆኖ የማረፊያ ካርታው የተሣለው በዚህ ስሌት ነው፤ መንገድ የሌለበት ቦታ፣ ወይም ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ያለበት ቦታ።

ስስ አየርና ረጅም ማኮብኮቢያ

ሁለተኛው ዘመን የጀመረው በጄት ነው። ለዚህ የተሠራው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አየር መንገዱ ቦይንግ 720ቢ ተረከበ። ከዚያ በፊት የነበረው የልደታ ሜዳ ለጄት አይሆንም ነበር። ለምን እንደማይሆን ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ ማንሣት ግድ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎች እንደምትታገሡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር ነው። አየሩ በሳሳ መጠን ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል። ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ እፍግታ ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መሬት ከመልቀቁ በፊት በባሕር ወለል ከሚያስፈልገው 16 በመቶ ያህል የላቀ ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ውጤቱ ረጅም ማኮብኮቢያ ነው፤ ከቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች ረጅሙ 3,800 ሜትር ነው። ያም ሆኖ አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ክብደት መቀነስ አለበት፤ ክብደት ማለት ደግሞ ሰው፣ ጭነትና ነዳጅ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ያለማቋረጥ አዲስ አበባ የሚገባበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ይህንኑ ስሌት ወደ ቆቦ እናምጣው። በቆቦ ከፍታ፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ እንኳ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ገደማ ይሆናል። ማለትም በቆቦ ግለት የሚነሣ አውሮፕላን በቦሌ ቅዝቃዜ ከሚነሣው የተሻለ አየር ያገኛል። በአየርም በመሬትም ረገድ ራያ ለአውሮፕላን ጠላት አይደለም። ማረፊያ ያልተሠራለት ተፈጥሮ ስለከለከለው አይደለም።

የከለከለው የቴክኖሎጂው ጥያቄ መቀየሩ ነው። ጄት አስፋልት ይፈልጋል፤ አስፋልት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡን ለመመለስ በቂ መንገደኛ ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ በረራም ዲሲ-3 ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል ካገለገለ በኋላ ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትዊን ኦተርና ኤቲአር 42፣ በ1990ዎቹ ፎከር 50፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ሰባ ያህል ሰው የሚጭነው ኪው400 ገቡ። ከጊዜ ወደ ጊዜ አውሮፕላኖቹ የፈጠኑ፣ የተመቹና በመሣሪያ የተደገፉ ሆኑ። ከዚህ ጋር ግን የመሬቱ መስፈርት ከፍ አለ፤ የተስተካከለ አስፋልት፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ አጥር፣ የፍተሻ መሣሪያ፣ ነዳጅ፣ የአየር ጠባይ መረጃ። ይህን ሊሸከሙ ያልቻሉት የሣር ሜዳዎች ከመርሐ ግብሩ ወጡ። ደብረ ታቦርና ሞጣ በዚህ መንገድ ከካርታው ጠፉ። አየር መንገዱ በዓለም ላይ እየሰፋ በሄደ ቁጥር በአገር ውስጥ የሚያርፍባቸው ዓይነት ቦታዎች ተመረጡ፤ ትልልቅ ከተሞችና የቱሪስት መዳረሻዎች። እነዚህ ደግሞ መንገድ የደረሰባቸው ናቸው። መንገደኛው ከዙሪያው በመኪና ተሰብስቦ ካልመጣ ሰባ ወንበር አይሞላም። የመንገድ ምትክ የነበረው አውሮፕላን የመንገድ ጥገኛ ሆነ ያልሁት ይህን ነው።

የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ሰማይ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቆቦና ሰማዩ በጣም የተራራቁበት አንድ ጊዜ አለ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለማቋረጥ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ አዲስ አበባ አረፈ፤ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር ጄት ክብረ ወሰን ነበር። አየር መንገዱ ከአፍሪካ ይህን አውሮፕላን የያዘ የመጀመሪያው ሆነ። የሁለት ሞተር ኢኮኖሚ አዲስ አበባን የአህጉሩ መገናኛ ለማድረግ በር የከፈተ ውሳኔ ነበር። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የተቀረጸው የረኃብ ፊልም በቢቢሲ ታየ። ኮረም ከራያ ሜዳ በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በመጠለያዋ ከተሰበሰቡት መካከል ከሜዳው የወጡ ነበሩ።

ሁለቱን ክስተቶች አንዱን ለማዋረድ ማጋጨት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። አየር መንገዱ በራሱ ገቢ የሚተዳደር የንግድ ድርጅት ነበር፤ 767 ባይገዛም ዝናብ አይዘንብም ነበር። ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚያ ዓመት ከወሎ በአውሮፕላን የተጓዘው ማን ነበር?

በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንዛል አውሮፕላኖች እህል ያመላልሱ ነበር፤ መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ስፍራዎች ዝቅ ብለው እየበረሩ ከአየር ይጥሉም ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ በመንግሥት የሠፈራ መርሐ ግብር ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ከተወሰዱት 600,000 ገደማ ሰዎች መካከል፣ አብዛኞቹ ከወሎ የተነሡ ሆነው ሳለ፣ ከፊሎቹ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖች ተጭነው ሄዱ። ‹‹ተጭነው›› የሚለውን ቃል አስቤበት ነው የተጠቀምሁት። የመንገደኛ ጄት ክፍል ግፊቱ ተጠብቆ ይበርራል፤ በውስጡ ያለው አየር ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ በላይ እንዳለ ሆኖ እንዳይሳሳ ደንቡ ያዝዛል፤ ይህም የአዲስ አበባ ከፍታ ያህል ማለት ነው። የአንቶኖቭ 12 የጭነት ክፍል ግን ግፊቱ አይጠበቅም፤ ለሰው አልተሠራምና። በረኃብ የደከመ ሰው፣ ወንበርና ቀበቶ በሌለበት፣ ተጨናንቆ፣ ከተራራ በላይ ባለው ስስ አየር ውስጥ ተጓዘ። በጉዞው የሞቱ እንደ ነበሩ በጊዜው የነበሩ ታዛቢዎች መዝግበዋል።

እንግዲህ ከ767ቱ መንገደኛና ከአንቶኖቩ ሠፋሪ ሁለቱም በረሩ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንደኛው ትኬት አለው፤ ትኬት ማለት ስምህ የተመዘገበበት፣ ተሸካሚው ለሕይወትህ ኃላፊ የሚሆንበት፣ የት እንደምትሄድ አውቀህ የተስማማህበት ውል ነው። የመንገደኞች አቪዬሽን ከሞተርና ከክንፍ እኩል ይህ ውል የሠራው ነገር ነው። ውሉን አውጥተን ካየነው የቀረው ማጓጓዝ ብቻ ነው።

ከመሬት የሚነሣ አደጋ

ከመሬቱ ጋር ያለውን ትስስር በሌላ ጎኑ እንመልከተው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ይነሣ የነበረ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ወፎቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ፤ አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ሁለቱም ጉልበታቸውን አጡ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሞተሩ በዓለም የተመሰከረለት ነበር፤ አብራሪዎቹም የሠለጠኑ ነበሩ። አደጋው የተነሣው ከማኮብኮቢያው ሣር ነው። ወፍ የሚስበው እህል፣ ቆሻሻና ውኃ በማረፊያ ዙሪያ እንዴት ይያዛል የሚለው ጥያቄ የአውሮፕላን ቴክኖሎጂ አካል መሆኑን ያን ዕለት አገሪቱ በከባድ ዋጋ ተማረች።

የራያ ገበሬ ይህን ትምህርት በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ማሽላው ሲያሽት ግሪሳ እንዳይፈጀው ከእርሻው መሐል ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ከማለዳ እስከ ማታ ይጠብቃል። የበረራ ተቆጣጣሪውም የተቀመጠበትን ሕንጻ ማማ እንለዋለን። ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበርር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከበረሃ አንበጣ መንጋ ውስጥ ገብቶ መስተዋቱ ተሸፈነ፤ ድሬዳዋ ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ በሰላም አረፈ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ያው የአንበጣ ወረርሽኝ በራያ የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። የገበሬውና የአብራሪው ሰማይ አንድ ነው። ወደፊት በዚህ ሜዳ ማረፊያ ይሠራ ቢባል፣ የግሪሳን የመንጋ ጉዞ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከመሐንዲሱ ጋር መቀመጥ አለባቸው።

የቆቦ መንገደኞች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ቆቦ ማረፊያ የላትም፤ መንገደኛ ግን አላት። ላለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሰሜን ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ለሥራ ከሚሄድባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ራያ ቆቦም በዚህ ይታወቃል። አሄዳቸው ሁለት ዓይነት ነው። ብዙ ሴቶች በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው፣ ፓስፖርትና ቪዛ ይዘው በቦሌ ይወጣሉ። ብዙ ወጣት ወንዶች ደግሞ በደላላ እየተመሩ በአፋር በኩል ጅቡቲ ይገባሉ፤ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የተመለሱት በአውሮፕላን ነበር። በእግርና በጀልባ ለሄደው ወጣት የሕይወቱ የመጀመሪያ በረራ የመባረሪያ በረራው ሆነ። ከወራት ስቃይ ጋር የተጓዘውን ባሕርና በረሃ በጥቂት ሰዓታት ተመልሶ አለፈው። የአየር መንገዱ የበረራ መዝገብ ይህን ጉዞ እንደ ማንኛውም በረራ ይቆጥረዋል፤ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ነዳጅ። ለተመላሹ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ትኬቱን እርሱ አልቆረጠውም፣ ቀኑንም አልመረጠውም። በአንቶኖቩ ላይ ያነሣነው የውል ጥያቄ እዚህም ተመልሶ ይመጣል።

በቪዛ የምትሄደው ሴት ጉዞም በበረራ ሰሌዳው አይጀምርም። ከገጠር ቀበሌዋ ቆቦ ትወጣለች፤ ከቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዛ አዲስ አበባ ትገባለች፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የኤጀንሲ ጉዳይ እስኪያልቅ ትቀመጣለች። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለዚህ ጉዞ መብትና ግዴታን ደንግጓል። የመጨረሻውን ሦስት ሰዓት በረራ ብቻ የሚቆጥር ስታቲስቲክስ ከዚህ ሁሉ ትንሹን ክፍል ነው የሚያየው።

ይህን በቁጥር ላሳይ። ከቆቦ አዲስ አበባ በቀጥታ መሥመር 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለኪው400 አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ። በአውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አንዲት ቆቤ በአውሮፕላን ልሂድ ብትል ከሦስቱ ማረፊያዎች ወደ አንዱ በመኪና አራት ወይም አምስት ሰዓት ትሄዳለች፤ ከበረራው ቀድማ ትደርሳለች፤ ትፈተሻለች፤ ትጠብቃለች፤ ትበርራለች። ሁሉም ሲደመር ሰባትና ስምንት ሰዓት ይሆናል። የቆጠበችው ሰዓት ጥቂት፣ የከፈለችው ዋጋ ብዙ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱን ትመርጣለች። የቆቦ ሰው በአገር ውስጥ በረራ ላይ አለመታየቱ የፍላጎት ማጣት ተደርጎ ሊነበብ አይገባም፤ ትክክለኛ ስሌት ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ስሌቱም ጠፋ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ላሊበላ፣ ኮምቦልቻና መቀሌ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ከመደበኛ የመንገደኞች በረራ ውጭ ነበሩ፤ አውራ ጎዳናውም የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። ወደ መቀሌ መደበኛ በረራ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከወልዲያ አጠገብ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የተነደፈው የባቡር መሥመርም ሳይጠናቀቅ ቆመ። በአንድ ጎዳና ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሕዝብ ጎዳናው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ምን እንለካ?

ከዚህ ተነሥቼ በቆቦ ማረፊያ ይሠራ ወይም አይሠራ የሚል ፍርድ አልሰጥም፤ ያ የመሐንዲሶች፣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎችና የሕዝቡ ጉዳይ ነው። የታሪክ ሰው ድርሻ ጥያቄው በትክክል እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ማረፊያ ሲታሰብ የማኮብኮቢያው ርዝመትና የተርሚናሉ ስፋት ይነገረናል። እኔ ሦስት መለኪያዎች እንዲጨመሩ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መንገደኛው ከደጃፉ ተነሥቶ እስከሚሄድበት ቤት የሚፈጅበት ጠቅላላ ሰዓት። ሁለተኛ፣ አገልግሎቱ በክረምት፣ በአንበጣ፣ በግጭት ጊዜ ምን ያህል ይጸናል። ሦስተኛ፣ የሚበርረው ሰው በምን ዓይነት ውል ይበርራል፤ በገዛ ፈቃዱና በራሱ ስም ነው ወይስ እንደ ጭነት?

የዲሲ-3 ዘመን የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ። ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ ወደ ትልቅና ወደ ፈጣን ብቻ መሄድ የለበትም፤ ለመሬቱ የተስማማ አውሮፕላን ሲገኝ ብዙ ቦታ ይከፈታል። ዛሬም በዓለም ላይ አጭር የጠጠር ሜዳ የሚበቃቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ይሠራሉ። ጥያቄው አውሮፕላን አለ ወይ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ማንን ለማድረስ እንደምንመርጠው ነው።

ለተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ለዚህ ታሪክ የሚሆኑ ምንጮች በአየር መንገዱ ቤተ መዛግብት ብቻ አይደሉም። የድሮ የበረራ መርሐ ግብሮችን ፈልጉ፤ የትኛው ሜዳ በየትኛው ዓመት ከዝርዝሩ እንደ ወጣ ይነግሯችኋል። በየአውራጃው የማረፊያ ሜዳ ጠባቂ የነበሩትን፣ ከብት ያባርሩ የነበሩትን፣ ነዳጅ በበርሜል ያንከባልሉ የነበሩትን አነጋግሩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በአንቶኖቭ የሄዱትን ሠፋሪዎችና በ2006 ዓ.ም. የተመለሱትን ወጣቶች ጠይቁ፤ እነርሱ ስለ አቪዬሽን የሚያውቁት በየትኛውም የበረራ መጽሐፍ አልተጻፈም። እነርሱ ሲጨመሩበት የኢትዮጵያ የመንገደኞች አቪዬሽን ታሪክ ክብሩ አይቀንስም፤ ይሞላል።